ታጣቂዎች የመንግስት ህንፃ ሲይዙ፦ አክሽን ፊልም ያስያዘን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ማታ ብርዱ ሲጠና ሰው ቤቱ ገብቶ ጋቢ ተከናንቦ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ትርጉም አክሽን ፊልም ነው፣ ከነሱም ውስጥ ሁሌ ተመልካች የማያጣው ታጣቂዎች ቤተ መንግስት ወይ ፓርላማ ወይ የሆነ ትልቅ የመንግስት ህንፃ ይዘው ሰው ሲያግቱ አንድ ጀግና ብቻውን ገብቶ የሚያስለቅቅበት አይነቱ ነው። እኔም እወደዋለሁ፣ አትዩ ልል አይደለም የመጣሁት። ግን ከጠባሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ቡና በተጠጣበት ቦታ ሁሉ ስለነዚህ ፊልሞች ሲወራ ሰው ስክሪን ላይ ያየውን እንደ እውቀት ይዞ ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር እሰማለሁ። ከሚባለው ውስጥ አንዳንዱ ምንም ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን ሰው ያስገድላል፣ በተለይ እንደኛ አካባቢ ህፃን ልጅ ሳይቀር የክላሽና የመትረየስ ድምፅ መለየት የቻለበት ጊዜ ላየ ሰው ይሄ የፊልም ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ኋይት ሃውስ ዳውን እና ኦሊምፐስ ሃዝ ፎለን ክፍል አንድና ክፍል ሁለት ናቸው»

አይደሉም። የሚያምታታው ሁለቱም እ.ኤ.አ በ2013 መውጣታቸው ነው፣ ኦሊምፐስ ማርች ላይ ኋይት ሃውስ ዳውን ጁን ላይ፣ ሁለቱም ኋይት ሃውስ በታጣቂ ተይዞ ፕሬዝዳንቱ ውስጥ ሲቀር ነው ሚያሳዩት። ግን የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ገንዘብ የሰሯቸው ናቸው። ጄራርድ በትለር ያለበት ኦሊምፐስ ነው፣ አጥቂዎቹም ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ በ2016 እና በ2019 ተከታይ የወጣለትም እሱ ነው። ቻኒንግ ታተምና ጄሚ ፎክስ ያሉበት ደግሞ ሌላኛው ነው፣ እዛ ላይ ጠላቱ ከውጭ አልመጣም፣ የራሳቸው ሰዎች ናቸው። ተከታይ አልተሰራለትም።

«እውነተኛው ኋይት ሃውስ ውስጥ ነው የተቀረፀው»

አንዱ ካናዳ ሞንትሪያል ሌላው ሉዊዚያና ሽሪቭፖርት ነው የተቀረፁት። ክፍሎቹ ተሰርተው ነው፣ ከውጭ የሚታየው ህንፃና የሚወድቀው አውሮፕላን አብዛኛው የኮምፒውተር ስራ ነው።

«ኋይት ሃውስ እኮ ዝንብ አይገባበትም፣ ለመግባት ጦር ያስፈልጋል»

ይሄ ሰው ከሚያስበው ይለያል። እ.ኤ.አ በ1974 አንድ ተራ ወታደር ሄሊኮፕተር ሰርቆ መጥቶ ግቢው ውስጥ አርፏል፣ በ1994 ትንሽ አውሮፕላን ደቡብ በኩል ያለው ሳር ላይ ተከስክሷል፣ በ2014 ደግሞ ኪሱ ውስጥ ቢላ የያዘ አንድ ሰው አጥር ዘሎ በሰሜኑ በር ገብቶ ትልቁ አዳራሽ ደርሶ ነው የተያዘው። ከዛ በኋላ ነው አጥሩን አፍርሰው ወደ አራት ሜትር በሚጠጋ ከፍታ እንደገና መስራት የጀመሩት። ሴክሬት ሰርቪስ የሚባለውም ከመጀመሪያው ለፕሬዝዳንት ጥበቃ የተቋቋመ አይደለም፣ በ1865 ሀሰተኛ ብር የሚያትሙትን ለመያዝ ነው የተቋቋመው፣ ቋሚ የፕሬዝዳንት ጥበቃ የጀመረው ፕሬዝዳንት ማኪንሊ በ1901 ከተገደሉ በኋላ ነው። ዋናው ነገር ግን መግባትና መያዝ አንድ እንዳልሆኑ ነው። ከላይ ካነሳኋቸው ሰዎች መሃል አንድም የያዘው ነገር የለም። ይሄ ደግሞ ወደ ትልቁ ስህተት ይወስደናል።

«ህንፃውን የያዘ አገሩን ያዘ»

ፊልሞቹ በሙሉ የቆሙት በዚች ሀሳብ ላይ ነው። ቤተ መንግስቱ ከተያዘ፣ መሪው ከታገተ በቃ መንግስት አለቀ፣ ሰዓቱ ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል። በእውነተኛው ዓለም ግን ጦሩ ሳይከተለው ህንፃ በመያዝ ብቻ የተሳካለት ሰው ለማግኘት ያስቸግራል።

ስፔንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 23 1981 ሌተናል ኮሎኔል አንቶኒዮ ቴሄሮ 200 ያህል ታጣቂዎች አስከትሎ የፓርላማ አባላቱ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመምረጥ ድምፅ እየሰጡ እያለ ሽጉጡን መዞ ገባ፣ ወደ ጣሪያው ተተኮሰ፣ ሰው ሁሉ ወንበር ስር ተኛ። በፊልም ቢሆን ይሄኔ አገሩ ተይዟል። እዛ ግን ሙሉ ፓርላማውን አግቶ አደረና ሌሊት ላይ ንጉስ ሁዋን ካርሎስ የጦር አዛዥ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በቴሌቪዥን መፈንቅለ መንግስቱን እንደሚቃወሙ ተናገሩ፣ አብዛኛው ጦር አልተነሳም፣ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ቴሄሮ እጁን ሰጠ። አንድ ሰው አልሞተም። ጣሪያው ላይ ያሉት አብዛኞቹ የጥይት ቀዳዳዎች ሆን ተብሎ እስከዛሬ አልተደፈኑም።

የኛን ደግሞ እንይ፣ ምክንያቱም ይሄን የሚያክል ታሪክ እያለን የሰው አገር ቤተ መንግስት ፊልም ላይ ስንት ሰዓት እንከራከራለን። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ ብራዚል ለጉብኝት እንደሄዱ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግስቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ተነሱ። ሚኒስትሮችና መኳንንት እቴጌ ታመዋል እየተባሉ እየተጠሩ ሲመጡ ተያዙ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት ውስጥ ታገቱ፣ ሬዲዮው ተያዘ፣ አልጋ ወራሹ መግለጫ አነበቡ። ከዚህ በላይ ምን ይያዛል? ቤተ መንግስት አላቸው፣ ሚኒስትር አላቸው፣ ሬዲዮ አላቸው፣ የንጉሱ ልጅ እጃቸው ላይ ነው። ግን ምድር ጦርና አየር ኃይል አልተከተላቸውም፣ ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ጦሩን አሰባስበው መጡ፣ ፓትርያርኩም አወገዙ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ነገሩ አበቃ። ሲያበቃ ግን ታንኩ ወደ ቤተ መንግስቱ ሲጠጋ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ውስጥ የታገቱት ባለስልጣኖች ላይ ተተኮሰ፣ 15 ያህል ሰው እዛ አለቀ።

ከነዛ ውስጥ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። ያኔ ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ እጅ አልሰጥም ብለው ወጥተው አምስት ዓመት ሙሉ በኛ በሸዋ ገደላገደል ሲዋጉ የኖሩት፣ አውሮፕላንና መርዝ የያዘው ጦር ያልገደላቸው ሰውዬ፣ የታገቱበት ሳሎን ውስጥ በአገራቸው ሰው ጥይት ወደቁ። የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻም እዛው ነው የሞቱት። ሚያሳዝነኝ ምን መሰላችሁ፣ ይሄ ህንፃ ዛሬም አለ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ ያለበት ማለት ነው፣ ከደብረ ብርሃን በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ልጆቻችን ኋይት ሃውስ ውስጥ ስንት ኮሪደር እንዳለ ይቆጥራሉ፣ የራስ አበበ ደም የፈሰሰበትን ክፍል ግን ብዙዎቹ ሰምተውትም አያውቁ።

አሜሪካ ላይ ደግሞ ነገሩ በህግ የተፃፈ ነው። እ.ኤ.አ ከ1947 ጀምሮ የተቀመጠ የመተካካት ቅደም ተከተል አለ፣ ምክትል ፕሬዝዳንት ከዛ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ከዛ የሴኔቱ ተጠባባቂ ፕሬዝዳንት ከዛ ሚኒስትሮች እያለ ይወርዳል። በ1967 የፀደቀው 25ኛው የህገ መንግስት ማሻሻያ ደግሞ ፕሬዝዳንቱ ስራውን መስራት ካልቻለ ምክትሉና አብዛኛዎቹ የካቢኔ አባላት በፅሁፍ አሳውቀው ምክትሉ ተጠባባቂ እንዲሆን ይፈቅዳል። ፊልም ላይ ፕሬዝዳንቱ በህይወት እያለ ሌላ ሰው መሃላ ፈፅሞ ፕሬዝዳንት ሲባል የምታዩት ትክክል አይደለም፣ ተጠባባቂ ነው የሚሆነው፣ የታገተው ሰው ሲለቀቅ ስልጣኑ ይመለስለታል።

«ኮዱን ካገኙ ዓለምን ማጥፋት ይችላሉ፣ ቀይ በተን አለው»

በተን የለውም፣ ቀይም ሌላም። ፕሬዝዳንቱ በሄደበት አንድ መኮንን ተሸክሞት የሚከተለው ጥቁር ቦርሳ አለ፣ ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ውስጡ ያለው የአማራጮች ሰነድና የመገናኛ መሳሪያ ነው። ኮዱ ያለበት ትንሽ ካርድ ለብቻው ከፕሬዝዳንቱ ጋር ነው የሚሆነው። ኮዱ የሚያገለግለው ደግሞ ትዕዛዝ የሚሰጠው ሰው እውነትም እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው፣ እሱ ራሱ ምንም አይተኩስም። ትዕዛዙ ወደ ጦር ማዘዣ ይሄዳል፣ ከዛ ወደ ሰርጓጅ መርከብና ሚሳይል ጣቢያ ይተላለፋል፣ እዛ ደግሞ ሁለትና ከዛ በላይ ሰዎች አብረው ካልሰሩ አይንቀሳቀስም። ታጣቂዎች ኋይት ሃውስን እንደያዙ ዓለም ሁሉ በቲቪ እያየ ከዛው ህንፃ ስልክ ተደውሎ «ተኩሱ» ቢባል ማን ይሰማቸዋል? ፊልሙ ላይ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ከፍቶ እየተየበ የሚሳይል ጣቢያ የሚቆጣጠረው ነገርማ ለውጥረት ተብሎ የገባ ነው።

«መንግስት ከአጋች ጋር አይደራደርም፣ ድርድር ማለት ፍርሃት ነው»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ፊልም ላይ ተደራዳሪው ሁሌም ሞኝ ነው፣ ወይ ጊዜ አባካኝ ነው፣ ወይ መጨረሻ ላይ ከሃዲ ሆኖ ይወጣል። እውነታው ግን ታጋች የሚተርፈው በአብዛኛው በጊዜ ነው። የእስራኤል ስፖርተኞች ታግተው ካለቁበት እ.ኤ.አ የ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ በኋላ የኒውዮርክ ፖሊስ በ1973 የራሱን የታጋች ተደራዳሪ ቡድን ያቋቋመውና ሌላውም ዓለም የተከተለው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አጋቹ ደሙ ፈልቷል፣ ጣቱ ምላጭ ላይ ነው፣ ማንም ሰው ሊሞት የሚችለው ያኔ ነው። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ይርበዋል፣ እንቅልፉ ይመጣል፣ ስልኩ ላይ የሚያናግረው ሰው ድምፅ ይለምደዋል፣ ታጋቾቹም ስም ያላቸው ሰዎች ይሆኑበታል። በዚህ መሃል ውጭ ያለው ኃይል ክፍሉን ያጠናል፣ ስንት ሰው እንዳለ ያውቃል። ማውራት ማለት የጠየቁትን ሁሉ መስጠት ማለት አይደለም፣ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ይሄን እኛ ልናጣው አይገባም ነበር፣ ደም የተቃባ ሰው መሃል ሽማግሌ ገብቶ ቀን እየገፋ ሲያበርድ ያደግን ህዝብ ነን።

ያልታገሱትን ማየት ከፈለጋችሁ ኮሎምቢያ አለ። እ.ኤ.አ ኖቬምበር 6 1985 ኤም 19 የሚባሉት ሽምቅ ተዋጊዎች ቦጎታ ያለውን የፍትህ ቤተ መንግስት ያዙ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ውስጥ ነበሩ። ጦሩ ታንክ ይዞ በዋናው በር ጥሶ ገባ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት አልፎንሶ ሬየስ በስልክ ተኩስ አቁሙ እያሉ ሲለምኑ በሬዲዮ ህዝቡ ሁሉ ይሰማ ነበር። አልቆመም። ህንፃው ተቃጠለ፣ 100 ያህል ሰው ሞተ፣ ከነሱ ውስጥ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ግማሽ የሚጠጉት፣ ሬየስም ጭምር። ከህንፃው በህይወት ወጥተው የጠፉ ሰዎችም አሉ፣ ቤተሰብ እስከዛሬ ይፈልጋል።

የታገሱት ደግሞ ፔሩ ናቸው። ዲሴምበር 17 1996 ሊማ ውስጥ የጃፓን አምባሳደር መኖሪያ ድግስ ላይ 14 ታጣቂዎች ገብተው በመቶዎች የሚቆጠር እንግዳ አገቱ። 126 ቀን ፈጀ። በዛ ሁሉ ጊዜ እያወሩ አብዛኛው ሰው በየጊዜው ተለቀቀ፣ በመጨረሻ 72 ቀሩ። ከስር ደግሞ ዋሻ ይቆፈር ነበር፣ ቁፋሮው እንዳይሰማ ውጭ በድምፅ ማጉያ የወታደር ማርሽ ይለቀቃል፣ ኮማንዶዎቹ ቤቱን አስመስለው በሰሩት ሌላ ቤት ውስጥ ይለማመዳሉ። ኤፕሪል 22 1997 አብዛኞቹ ታጣቂዎች ምድር ቤቱ ላይ ኳስ እየተጫወቱ እያለ ወለሉ ከስራቸው ፈነዳ። ከ72ቱ ታጋቾች አንድ ሞተ፣ ሁለት ኮማንዶዎች ሞቱ፣ 14ቱም ታጣቂዎች ሞቱ፣ ከነሱ ውስጥ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ የተገደሉ አሉ የሚለው ክስ ደግሞ ዓመታት አከራክሯል። ይሄንን 126 ቀን ፊልም ሁለት ሰዓት ውስጥ ሲጨምቀው የሚጥለው መጀመሪያ ትዕግስቱን ነው።

«አንድ ጀግና ብቻውን ይበቃል»

ለንደን ያለው የኢራን ኤምባሲ ኤፕሪል 30 1980 በስድስት ታጣቂዎች ሲያዝ ከ26ቱ ታጋቾች አንዱ በር ላይ ይጠብቅ የነበረ ትሬቨር ሎክ የሚባል ፖሊስ ነው። ከኮቱ ስር ሽጉጥ ነበረው፣ አላገኙበትም። ፊልም ቢሆን በመጀመሪያው ሌሊት አንዱን በአንዱ ይጨርሳቸው ነበር። እሱ ግን ስድስት ቀን ሙሉ ሽጉጡን ደብቆ ተቀመጠ፣ ኮትህን አውልቅ ሲሉት ፖሊስ ነኝ ደንቤን መጠበቅ አለብኝ እያለ እምቢ አለ፣ ሽንት ቤት ሲሄድ እንዳይታይበት ብሎ ምግብ እንኳ በደንብ አይበላም ነበር። ቢተኩስ አንዱን ይጥላል፣ የቀሩት አምስቱ ደግሞ ታጋቾቹን ይፈጃሉ፣ ይሄን አውቋል። ሽጉጥ ይዞ አለመተኮስ እንዴት ያለ ጀግንነት እንደሆነ አስቡት፣ ለኔ ከየትኛውም አክተር ይበልጥብኛል። ታጣቂዎቹ በስድስተኛው ቀን አንድ ታጋች ገድለው ሬሳውን በር ላይ ሲጥሉ ኤስ ኤ ኤስ የሚባለው ኮማንዶ ገባ፣ ያኔ ነው ሎክ የታጣቂዎቹን መሪ ዘሎ አንቆ የያዘው።

ኮማንዶዎቹም ዝም ብለው አልገቡም። የህንፃው ጥገና ሰራተኛ የፊት ለፊቱ መስኮት ጥይት እንደማይበሳው ነገራቸው፣ ያንን ባያውቁ መስታወት ሲደበድቡ ሰው ባለቀ ነበር። ያም ሆኖ አንዱ ኮማንዶ በገመድ ሲወርድ ተጠላልፎ ተንጠልጥሎ ቀርቶ እሳት አቃጥሎታል። 17 ደቂቃ ነው የፈጀው፣ ከታጣቂዎቹ አምስቱ ሞቱ፣ በጥቃቱ መሃል አንድ ታጋች ተገደለ፣ 19 ሰው ዳነ። ከነዚህ 17 ደቂቃዎች በፊት አምስት ሰው ደግሞ በወሬ ብቻ ተለቆ ነበር፣ እነሱን ማንም ፊልም አይሰራላቸውም።

«የእንቅልፍ ጋዝ ቢለቁ ኖሮ ሁሉም ይተኛ ነበር»

ተሞክሯል። ሞስኮ ኦክቶበር 2002 ላይ ታጣቂዎች ቲያትር ቤት ውስጥ ከ800 በላይ ሰው ሲያግቱ ኃይሎቹ በአየር ማስገቢያው ጋዝ ለቀቁ። ታጣቂዎቹ ተኙ፣ ታጋቾቹም ተኙ፣ ሲወጡ በጀርባቸው እየተዘረጉ ምላሳቸውና ትውከታቸው አነቃቸው፣ ሐኪሞቹ ምን ጋዝ እንደሆነ እንኳ አልተነገራቸውም። 130 ያህል ታጋች ሞተ፣ አብዛኛው በጋዙ። ሰውን አስተኝቶ የማይገድል ጋዝ ለአንድ አዳራሽ ሙሉ ህዝብ እኩል መስጠት አይቻልም፣ ለህፃን የሚበዛው ለጎልማሳ ያንሳል።

«ሳይለንሰር ያለው ሽጉጥ ጭጭ ይላል፣ መኪና በር ጥይት ይመልሳል፣ ቦምብ እሳት ይተፋል»

ሳይለንሰር ድምፅ ይቀንሳል፣ አያጠፋም። የተኩስ ድምፅ ወደ 160 ዴሲቤል ይጠጋል፣ ሳይለንሰር ከዛ ላይ ከ20 እስከ 35 ቢቀንስ ነው፣ የሚቀረውም ጎረቤት ይቀሰቅሳል። በጥይት የተመታ ሰው ወደ ኋላ ተወርውሮ መስታወት ሰብሮ የሚወድቀውም ውሸት ነው፣ ጥይት ሰውን የሚወረውር ጉልበት ቢኖረው ተኳሹንም እኩል ይወረውረው ነበር። የእጅ ቦምብ ፒኑ ከወጣና ማንሻው ከተለቀቀ በኋላ ከአራት እስከ አምስት ሰከንድ ቆይቶ ነው የሚፈነዳው፣ የሚገድለው ደግሞ ፍንጥርጣሪው ነው፣ ያ ትልቅ ብርቱካናማ እሳት የቤንዚን ነው። በጥርስ ፒን መንቀልም ጥርስ ማስነቀል ነው።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ የመኪና በር ጥይት አይመልስም። የክላሽ ጥይት በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ መኪና ላይ ትንሽ የሚያድነው ሞተሩ ያለበትና ጎማው ጋ ያለው ክፍል ብቻ ነው። የቆርቆሮ በር፣ የቆርቆሮ አጥር፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የተገለበጠ ጠረጴዛ፣ ሶፋ፣ አንዱም አይመልስም፣ ከእይታ ይሰውራችኋል እንጂ ከጥይት አያድናችሁም። መንዝና ሞላሌ አካባቢ አያቶቻችን የሰሩት ያ ወፍራም የድንጋይ ቤት ከዛሬው ብሎኬት በጣም ይሻላል። ተኩስ ስትሰሙ ለማየት መስኮት ጋ አትሂዱ፣ ልጆችን ይዛችሁ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብላችሁ መሬት ላይ ተኙ። ወደ ሰማይ መተኮስም ፊልም ላይ ጌጥ ነው፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ የኛም ሰው ያደርገዋል፣ ያ ጥይት ግን ተመልሶ ይወርዳል፣ የሚወርድበትን ደግሞ ተኳሹ አያውቀውም።

«ትከሻውን ነው የተመታው፣ ምንም አይለውም»

ፊልም ላይ ትከሻ ማለት የማይሞቱበት ቦታ ነው። ትክክለኛው ትከሻ ውስጥ ግን ወደ እጅ የሚሄደው ትልቁ የደም ስርና እጅን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች በሙሉ በአንድ ያልፋሉ፣ ከስሩም የሳንባ ጫፍ አለ። እዛ የተመታ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ሊያልቅ ይችላል፣ ቢተርፍ እጁ ላይመለስ ይችላል። ጭንም እንደዛው። ጭንቅላቱን ተመትቶ ሩብ ሰዓት ራሱን ስቶ ሲነቃ ተነስቶ የሚሮጠው አክተርም እንዲሁ ነው፣ እንደዛ ለረጅም ደቂቃ ራሱን የሳተ ሰው አንጎሉ ተጎድቷል፣ ሆስፒታል ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው ጥይቱን በቢላ ማውጣት ነው። ጀግናው አረቄ ጠጥቶ ጥርሱን ነክሶ ያወጣዋል፣ ከዛ ዳነ። የሚገድለው ግን ውስጥ የቀረው ብረት ሳይሆን የሚፈሰው ደም ነው፣ ሐኪሞች ራሳቸው ብዙ ጊዜ ጥይቱን እዛው ይተውታል፣ እርሳስ በሰውነታቸው ይዘው ያረጁ አርበኞች በየመንደራችን ነበሩ። በቢላ ስትቆፍሩ አዲስ ደም ስር ትቆርጣላችሁ። የቆሰለ ሰው ካያችሁ ንፁህ ነጠላም ቲሸርትም ያገኛችሁትን ጨርቅ አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት፣ አሁንም አሁንም እያነሳችሁ አትዩ። እጅ ወይ እግር ሆኖ ደሙ በመጫን አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ ወደ ሰውነቱ በኩል በሰፊ ጨርቅ ደሙ እስኪቆም አጥብቃችሁ እሰሩ፣ የታሰረበትን ሰዓት ፃፉ፣ ሐኪም ጋ ሳይደርስ አትፍቱት። ገመድና ሽቦ አይሆንም፣ ስጋ ይቆርጣል። አረቄ ቁስል ላይ ማፍሰስም ሆነ ማጠጣት ይቅር።

«ኮማንዶው ሲገባ ታጋቹ ሮጦ ያቅፈዋል»

እንደዛ ያደረገ ሰው በአዳኙ ጥይት ሊሞት ይችላል። ገቢው ኃይል በጭስ መሃል ማን ታጋች ማን አጋች እንደሆነ አይለይም፣ አጋቾች ደግሞ ብዙ ጊዜ መሳሪያቸውን ጥለው ታጋች መሃል ይቀላቀላሉ። ለንደን ላይ የዳኑትን በሙሉ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ጓሮ አውጥተው ሳሩ ላይ በሆዳቸው አስተኝተው እጃቸውን ያሰሯቸው ለዚህ ነው፣ ስድስት ቀን ታግተው የወጡ ሰዎችን። በህይወት የተረፈው ብቸኛው ታጣቂም እነሱ መሃል ተደብቆ ነው የተገኘው፣ ታጋቾቹ ናቸው ያሳወቁት። ስለዚ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ያለ ሰው ኃይል ሲገባ መሬት ላይ ይተኛ፣ ሁለቱንም እጁን ባዶ አድርጎ ይዘርጋ፣ ስልክም ቢሆን አይያዝ፣ አይሩጥ፣ ቢጎትቱትና ቢያስሩት አይታገል። ታጋች መሆኑ ሲጣራ ይፈቱታል።